የሚግልና የሚጮህ ፕሌይስቴሽን 4ን በቤት ውስጥ ማጽዳትና ማስተካከል

ጨዋታ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እንደ ፀጉር ማድረቂያ መጮህ የሚጀምር፣ ጥቂት ቆይቶም ከልክ በላይ መሞቁን በስክሪኑ ላይ አስታውቆ የሚጠፋ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ፋኑ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ሱቅ ሄዶም አዲስ ፋን ይጠይቃል። እኔም በአንድ ወቅት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ነገሩን መልሼ ማጤን የጀመርሁት ማሽኑ በአዲሱ ፋንም እንደ ቀድሞው ሲጮህ ነው። ለካ አሮጌው ፋን አንዳች ጉድለት አልነበረበትም፤ የሚገፋው አየር መውጫ ስላጣ ያለ የሌለ አቅሙን አሟጦ ይዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የዘመድ ወዳጅንም ማሽኖች ከፍቻለሁ፤ በእርግጥ ፋን መቀየር ያስፈለገው ለሁለቱ ብቻ ነው። የቀሩት የፈለጉት ብሩሽ፣ ትዕግሥትና ትክክለኛ ካቻቢቴ ነበር።

የችግሩን ምንጭ ለመረዳት አየሩ በማሽኑ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ይበቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ከባድ ጨዋታ ሲጫወቱበት እስከ 150 ዋት ገደማ ኃይል ይወስዳል። ይህ ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ፣ ባለ 150 ዋት አምፖል በጠባብ ሣጥን ውስጥ ሲበራ ማሰብ ነው። ሙቀቱን ለማስወጣት ፋኑ በማሽኑ ጎንና ጎን ባለው ስንጥቅ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይስባል፤ ያንንም አየር ሂትሲንክ በሚባለው፣ ስስ የብረት ክንፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተቀራርበው በተደረደሩበት አካል መሃል ይገፋዋል፤ ከዚያም አየሩ በፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ በሚያመቻቸው ክፍል፣ በኩል አልፎ ከኋላ ይወጣል። አቧራ የሚጠራቀመው ከዚህ መንገድ ሁሉ ጠባብ በሆነው ቦታ፣ ማለትም ፋኑ ወደ ክንፎቹ በሚተነፍስበት አፍ ላይ ነው። ብዙ ዓመት ያልተከፈተ ማሽን ሲፈታ በዚያ ቦታ የሚታየው ተራ ብናኝ ሳይሆን እንደ ባና የተደመደመ፣ በወረንጦ ጫፉን ይዘው ሲስቡት አንድ ላይ ተላጥቶ የሚነሣ ግራጫ ንጣፍ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ማሽኑ ፋኑን እንዲፈጥን ያዝዘዋል፤ ፋኑም በፈጠነ ቁጥር ተጨማሪ አቧራ እየሳበ ንጣፉን ያወፍረዋል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ ላይ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ይበልጥ መፍጠን አለበት። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። አምራቹ ማሽኑ እንዲሠራበት የወሰነው የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ግን፣ እንደ ድሬዳዋና እንደ ሰመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች በቀን እኩሌታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መጫወት ንጹሑን ማሽን እንኳ ወደ ወሰኑ ያስጠጋዋል።

ማሽኑን ከመክፈትዎ በፊት የድምፁን ዓይነት በጥሞና ያድምጡ። እንደ ነፋስ የሚያፏጭ፣ ጨዋታው ሲከብድ የሚጨምርና ወደ ዋናው ገጽ ሲመለሱ የሚቀንስ ድምፅ የፋን ፍጥነት ስለሆነ መፍትሔው ጽዳት ነው። ማሽኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከተበራበት ቅጽበት ጀምሮ የሚሰማ የማፋጨት ወይም የመንቋቋት ድምፅ ከሆነ ግን የፋኑ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው፤ አዲስ ፋን የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ዲስክ ሲገባ ብቻ የሚመጣ ጉርምርምታ የዲስክ ማንበቢያው ሥራ ስለሆነ ዲስኩን አውጥተው፣ በማሽኑ ውስጥ የተጫነና ዲስክ የማይጠይቅ ጨዋታ በመክፈት ሊለዩት ይችላሉ። በየመሃሉ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሃርድ ዲስክ ድካም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁሉ በፊት የጨዋታ መዝገቦችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። የማሽኑ መብራትም ይናገራል፦ ቀይ ሆኖ መብራቱ ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል፤ ሰማያዊ ሆኖ እየበራ እየጠፋ ወደ ነጭ የማይለወጥ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ጽዳትም አያድነውም። በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ጨዋታዎች ከጨዋታው ይልቅ በምርጫ ገጻቸው ወይም በካርታቸው ላይ ፋኑን ያስጮሃሉ፤ ይህ የፕሮግራሙ አሠራር ያመጣው ስለሆነ በዚያ ብቻ ተነሥተው ማሽን አይፍቱ።

ሁለተኛው ቅድመ ሥራ የማሽኑን ማረፊያ መመርመር ነው፤ እዚህ ላይ የቤታችን ልማድ ብዙ ጥፋት አለበት። ቴሌቪዥኑንም ሪሲቨሩንም በዳንቴል ማልበስ የቆየ ነው፤ ፕሌይስቴሽኑም አብሮ ይለብሳል። ዳንቴሉ በጎን ሲወርድ በትክክል የሚሸፍነው አየር የሚገባበትን ስንጥቅ ነው። ማሽኑን ባለ መስተዋት ቡፌ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ፣ በሪሲቨሩ ላይ መደራረብ፣ ወይም ወፍራም ፀጉር ባለው ምንጣፍ ላይ ማሳረፍ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከኋላው ምንም ነገር አይደገፍበት። ቡና የሚፈላው ማሽኑ ባለበት ክፍል ከሆነ ደግሞ የእጣንና የከሰል ጭስ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ስለሚያጣብቀው፣ በእንዲህ ያለ ቤት የኖረ ማሽን ውስጡ በንፋስ ብቻ አይለቅም። ረከቦቱን መተው አይጠበቅብዎትም፤ ማሽኑን ወደ ሌላው ጥግ ማራቅ በቂ ነው። ቦታውን ካስተካከሉ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይጫወቱና ይዩት፤ ለውጥ ካለ መክፈቱን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል።

መክፈት ካስፈለገ የሚከተሉትን አስቀድመው ያሰናዱ፤ እዚህ የምገልጸው የመጀመሪያውን ሞዴል አከፋፈት ነው። የውጭ ብሎኖቹ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሆነው መሃላቸው ላይ ትንሽ እንብርት ስላላቸው የሚፈታቸው ጫፉ የተቦረቦረ፣ ቲ8 ወይም ቲ9 የሚባለው ካቻቢቴ ነው፤ ለሞባይል ጥገና በሚሸጡት ባለ ብዙ ጫፍ ስብስቦች ውስጥ ይገኛል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገድዶ መፍታት የብሎኑን ራስ ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው መሰርሰሪያ ብቻ ነው። ለውስጡ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ለጽዳቱ ያልተነከረ አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ ጥቂት ስቴኪኒና አልኮል ይበቃሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ያገለግላል፤ ሆኖም ቀሪው ውሃ ስለሆነ የጠረጉት ሁሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ካገኙ ይመረጣል። ለእጅ የሚሆነው ዝልግልግ ሳኒታይዘር ማለስለሻ ስላለበት ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ብሎኖቹን ለማስቀመጥ አንድ ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ ነድፈው እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ በማስቲሽ ቢለጥፉት፣ ሲገጥሙ ከመደናገር ይድናሉ፤ ርዝመታቸው የተለያየ በመሆኑ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ መግጠም ውስጡን ሊወጋ ይችላል።

ማሽኑን በዕረፍት ሁኔታ ላይ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ሌሎቹን ገመዶችም ያውጡ፤ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲፈስ። ሲጫወቱበት የቆዩ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ንጹሕ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ይገልብጡት፤ የኋላ ጎኑ ወደ እርስዎ ይዙር። ብሎኖቹ ከኋላ በኩል ናቸው፤ ቁጥራቸው እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ከፊሎቹም በተለጣፊ ወረቀት ሥር ተደብቀዋል። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ የዋስትና ማኅተም ስለሆነ ዋስትናው ያላለፈ ማሽን ካለዎት እዚህ ላይ ቆመው ወደ ሻጩ ይመለሱ። እዚህ አገር የሚገኙት አብዛኞቹ ግን ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የገቡ በመሆናቸው ይህ ሥጋት የሚመለከተው ጥቂቱን ሰው ነው። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ሽፋኑን ከኋላ በኩል በሁለት እጅ ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት፤ የፕላስቲክ መያዣዎቹ ሲለቁ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ከሽፋኑ ሥር በኋላ በኩል የሚታየው ጥቁር ሣጥን ፓወር ሰፕላዩ ነው። መነሣት አለበት፤ ነገር ግን እርሱን ራሱን በምንም ምክንያት አይክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ የሚያቆዩ አካላት ውስጡ አሉ። የያዙትን ብሎኖች ፈትተው ሣጥኑን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡት፤ ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ቺፖቹ ከተተከሉበት ዋና ሰሌዳ፣ ጋር የሚያገናኙት ሁለት የብረት ጥርሶች ከሥሩ ስላሉ ወደ ጎን ማጣመም ያጎብጣቸዋል። በአንድ በኩል ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ገመድ አለ። ሣጥኑን በችኮላ ሞጭልፎ ማንሣት ይህን ገመድ ከነማያያዣው ሊገነጥለው ይችላል፤ እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ያተረፈኝ ገመዱ ላልቶ መሰካቱ ብቻ ነው። ማያያዣውን በጥፍርዎ ጫፍ ይዘው፣ ገመዱን ሳይሆን ፕላስቲኩን እየሳቡ ያላቅቁት።

አሁን ፋኑና የሂትሲንኩ ክንፎች በግልጽ ይታያሉ፤ ዋናው ሥራም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በቅድሚያ የተደመደመውን ንጣፍ በወረንጦ ልጠው ያውጡ፤ ብሩሽ ቀድሞ ከገባ ንጣፉን በታትኖ ወደ ክንፎቹ መሃል ይገፋዋል። ቀጥሎ በክንፎቹ መሃል ያለውን አቧራ ከፓወር ሰፕላዩ በኩል ወደ ፋኑ አቅጣጫ፣ ማለትም አየሩ ከሚሄድበት በተቃራኒ፣ እየነፉና እየቦረሹ ያስወጡ፤ በገባበት በኩል መልሶ ማውጣት በሌላው በኩል ገፍቶ ከማሳለፍ ይቀላልና። ሲነፉ ፋኑ እንዳይዞር አንድ ስቴኪኒ በፋኑ ምላጮች መካከል ጣል ያድርጉበት። በንፋስ ተገፍቶ ከልክ በላይ የሚዞር ፋን ኩሽኔታው ከመጎዳቱም በላይ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል። የፋኑን እያንዳንዱን ምላጭ በትንሹ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ፤ ጭስ ባለበት ቤት የኖረ ከሆነ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ይደጋግሙ። ፋኑን ነቅሎ ለማውጣት ማሽኑን ከዚህ በላይ መፍታት ስለሚጠይቅ ለጽዳት ብቻ ከሆነ ባለበት ማጽዳት ይበቃል። በመጨረሻም የፓወር ሰፕላዩን ቀዳዳዎች ከውጭ በብሩሽ ያጽዱ፤ የሽፋኑን የጎን ስንጥቆችም አይርሱ።

ሰው የሚመክራችሁ ሌላ አቋራጭ አለ፦ «ጎሚስታ ወስዳችሁ አስነፉት»። ይህን እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር በጋኑ ውስጥ ውሃና ዘይት ያጠራቅማል፤ ያም ከአየሩ ጋር ተረጭቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል። ግፊቱም ለጎማ እንጂ ለስስ የፕላስቲክ ምላጭ የተመጠነ አይደለም። የቤት ቫኪዩም ክሊነር ከውጭ ስንጥቆቹ ላይ ቢያልፍ ችግር የለውም፤ የተከፈተ ማሽን ውስጥ ግን አፉ የሚፈጥረው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፖችን ሊያቃጥል ስለሚችል አይግባ። በጣሳ የሚሸጠው ማጽጃ አየር ካለዎት ጣሳውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ሲዘነብል አየር ሳይሆን በረዶ የሆነ ፈሳሽ ይተፋል።

ተርማል ፔስት የሚባለው፣ ሙቀቱን በዋናነት በሚያመነጨው ዋና ቺፕና በሂትሲንኩ መካከል ሆኖ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፤ ይሁን እንጂ ጥገና የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያወራው ማሽን በተከፈተ ቁጥር መቀየር ያለበት አይደለም። የምለይበት መንገድ ቀላል ነው፦ ካጸዱት በኋላ ከባድ ጨዋታ ከፍተው እጅዎን ከማሽኑ ኋላ ያድርጉ። የሚወጣው አየር ሞቃትና ብርቱ ከሆነ ሙቀቱ ከቺፑ እየወጣ ስለሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ፋኑ በኃይል እየጮኸ የሚወጣው አየር ብርቱ ሆኖ ሳለ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ግን ሙቀቱ ወደ ክንፎቹ አልደረሰም፤ ቅባቱ ደርቋል ማለት ነው። አየሩ ሞቃት ሆኖ ደካማ ከሆነ መንገዱ አሁንም ተዘግቷል፤ ጽዳቱ ይደገም።

ፔስቱን ለመቀየር የዲስክ ማንበቢያውን፣ የዋይፋይ አንቴናውን ገመዶችና የማዘርቦርዱን የብረት ሽፋን ማንሣት ስለሚያስፈልግ፣ በመጀመሪያው ክፍል ላይ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ይህን ለባለሙያ ቢተወው ነውር የለበትም። የሚሠራው ሰው በየደረጃው በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ በተለይ ጠፍጣፋ ሪባን ገመዶቹ ወደየት እንደሚዞሩ። ቺፑን ከሂትሲንኩ ጋር አጣብቆ የያዘው የኤክስ ቅርጽ ያለው መያዣ በሁለት ብሎኖች ታስሯል፤ ሁለቱም አንዱ ከሌላው እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይፈቱ፤ ሲገጠሙም እንዲሁ። የደረቀውን ፔስት ከሁለቱም ገጾች በአልኮል አርሰው በጥጥ ያንሡ፤ በምላጭ አይፋቁት። አዲሱን ፔስት ከአንድ የምስር ፍሬ በማይበልጥ መጠን አድርገው የቺፑን ገጽ ጥግ ድረስ በስሱ ይሸፍኑ። የጥርስ ሳሙና ይተካዋል የሚለው ወሬ እውነት የሚመስለው ሳሙናው እርጥብ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በማስታወሻ ቺፖቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ግራጫ ንጣፎች ካልተቀደዱ ባሉበት ይተዉ።

ሲመልሱ በተነቀለበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ፓወር ሰፕላዩን ከማስቀመጥዎ በፊት ቀጭኑን ገመድ ይሰኩ፤ ከፋኑ ላይ ስቴኪኒውን ማውጣትዎንም ያረጋግጡ፤ ይህን የምለው ረስቼው ስለማውቅ ነው። ሽፋኑን ከመዝጋት በፊት ፋኑን በጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ያለ ድምፅ ተንሸራቶ መዞር አለበት። ብሎኖቹን እስኪጠብቁ ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ አያጥብቁ፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ኩሽኔታው አልቆ ፋን መቀየር ካለበት ደግሞ የአሮጌውን ፋን ቁጥር ከተለጣፊው ላይ አንብበው ያንኑ ይግዙ፤ የሞዴል ቁጥራቸው ሲዩኤች-1000 እና ሲዩኤች-1200 የሆኑ ማሽኖች ፋን ሲያዩት ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም።

በ2016 የወጡት ስሊምና ፕሮ ሞዴሎች አከፋፈታቸው ይለያል፤ የማጽዳቱ ሐሳብ ግን አንድ ነው። ስሊሙ ቺፑ አነስ ባለ ቴክኖሎጂ ስለተሠራ የሚወስደው ኃይልም የሚያወጣው ሙቀትም ያነሰ ነው፤ ስሊም እንደ አውሮፕላን ከጮኸ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። ፕሌይስቴሽን 5ን በተመለከተ የጎን ሽፋኖቹ ያለ ካቻቢቴ ስለሚወልቁና አቧራ ለመያዝ የተሠሩ ቀዳዳዎች ከሽፋኖቹ ሥር ስላሉ እነርሱን ማጽዳት ለማንም ይቻላል። ከዚያ አልፎ ቺፑ ድረስ መፍታት ግን አይገባም፤ በዚያ ማሽን ላይ በፔስት ፋንታ የተቀባው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብረት ስለሆነ አንድ ጠብታ ማዘርቦርዱ ላይ ብትወድቅ ማሽኑን ትገድለዋለች።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬት መንቀልን ልማድ ያድርግ፤ ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት በቅድሚያ የሚጎዳው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ የዚህም ጉዳት ምልክት ከሙቀት ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ያሳስታል። ማሽኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ የሙቀት መልእክት ሳያሳይ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ የሚመረመረው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ለቤት ጨዋታ በዓመት አንድ ጊዜ ማጽዳት በቂ ነው፤ ጊዜውም ከበጋው አቧራ በኋላ፣ ክረምት ሲገባ ቢሆን ይሻላል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ የፕሌይስቴሽን ቤት ማሽን ግን በሁለት ወይም በሦስት ወሩ ቢከፈት አይበዛበትም። ያጸዱበትን ወርና ዓመት በትንሽ ፕላስተር ላይ ጽፈው ከማሽኑ ሥር ይለጥፉ።